ያልቀበርነውን ማንሳት



ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት ስትመለሱ መንገድ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢማን ብዙ ቅርንጫፎች እንዳሉት አስተምረውናል። የላይኛው የተውሒድ ቃል ሲሆን የታችኛው ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ላይ ማንሳት ነው። ስለዚህ ጎንበስ እንላለን፣ ስብርባሪውን ለቅመን ጥግ እናስይዛለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እስቲ ጥያቄውን ትንሽ እናክብደው። ጎጂው ነገር ባይታይስ? አፈር ለብሶ፣ ሣር በቅሎበት፣ ከ20 ዓመት በፊት በማናውቀው ሰው እጅ የተቀበረ ቢሆንስ? ለማንሳት ግማሽ ቀን የሚፈጅ፣ ሊያነሳው የጎነበሰውንም ሰው ሊገድል የሚችል ቢሆንስ? ያን ጊዜም ማንሳቱ የኛ ሥራ ነው? ወይስ የቀበረው ራሱ ያውጣው እንላለን?

የማወራችሁ ስለ ፈንጂ ነው። ጦርነት ካለቀ በኋላ መሬት ውስጥ ስለሚቀረው ፈንጂና ፈልገው ስለሚያመክኑት ሰዎች። የጁሙዓ ርዕስ አይመስል ይሆናል። እኔ ግን ያ ሐዲስ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ያየሁት በዚህ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ለኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1977 እና በ1978 ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት በምሥራቅ፣ ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ደግሞ በሰሜን ድንበራችን ብዙ ፈንጂ ተቀብሯል። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተካሄደው ጦርነትም በየማሳውና በየግጦሹ ያልፈነዳ ተተኳሽ ትቶ አልፏል። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በኖቬምበር 2022 ነው። ከፊርማው በኋላ ግን ከብት ሲጠብቁ፣ ያገኙትን ብረት እንደ መጫወቻ ሲያነሱ፣ ወይም ለቆራሌ ሊሸጡ ሲለቅሙ የሞቱና አካላቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ጦርነቱ ወረቀት ላይ በተጻፈው ቀን አላለቀም።

ፈንጂ ከሌላው መሣሪያ በምን ይለያል? ተኳሽ ሊሳሳት ይችላል፣ ሊበድልም ይችላል። ነገር ግን ልጅ ሲያልፍ ካየ ጣቱን ከቃታው ላይ ማንሳት ይችላል። ፈንጂ ዓይን የለውም። ቃታውን የሚስበው ተጎጂው ራሱ ነው፣ በእግሩ። ሶቪየት ኅብረት ሠርታው በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች የተቀበረው ፒኤምኤን የተባለው ፈንጂ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ክብ ነገር ነው። በውስጡ 240 ግራም ቲኤንቲ አለው። ለመፈንዳት የጥቂት ኪሎ ጫና ይበቃዋል። የወታደር ጫማ ይሁን የእረኛ ባዶ እግር አይለይም። ሰላም መውረዱንም አይሰማም።

ኸሊፋው አቡበከር ሲዲቅ (ረ.ዐ) ወደ ሻም የሚዘምተውን ጦር ሲሸኙ የሰጡት ምክር በታሪካችን የታወቀ ነው። ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደሉ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ በግና ግመልም ለምግብ ካልሆነ በቀር እንዳይታረዱ አዘዋል። አንድ ወታደር ይህን ትእዛዝ ሊጠብቅ ይችላል። የቀበረው ፈንጂ ግን ሊጠብቅለት አይችልም። ቀን ላይ ሕፃን አይቶ ያሳለፈ ወታደር፣ ማታ በቀበረው ፈንጂ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሕፃን ሊገድል ይችላል። የአርብቶ አደሩን ግመል ይገድላል፣ ገበሬውን ከማሳው ያርቃል። ትእዛዙ የከለከለውን ሁሉ እጁ በሌለበት ይሠራበታል።

«አገሬን ልከላከል ብዬ ነው የቀበርኩት» የሚል ሰው ይኖራል። ቃሉን በንቀት ማለፍ የለብንም፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ፈንጂን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1997 በኦታዋ ለፊርማ ሲቀርብ አገራችንም ከፈረሙት አንዷ ነበረች፣ በ2004 ደግሞ አጸደቀችው። ከ160 በላይ አገሮች ገብተውበታል። ይሁንና በ2025 ፊንላንድ፣ ፖላንድ፣ ኤስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ ከስምምነቱ ለመውጣት ወሰኑ። ምክንያታቸው የኃያሉ ጎረቤታቸው ስጋት ነው። ስጋቱ ገብቶናል። ነገር ግን ፈንጂ የምንፈራውን ሰው ብቻ መርጦ አይጠብቅም። ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜን አካባቢ በ1942 ብሪታኒያ፣ ጀርመንና ኢጣሊያ ተዋጉ። የቀበሩት ፈንጂ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ያቆሰለውና የገደለው በረሃው ላይ ከብት የሚያሰማራውን በደዊን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ያልተወለደ ሰው በማያውቀው ጠብ እግሩን አጣ።

በሱረቱ ያሲን የሰው ልጅ የሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን ትቶት የሄደው ፈለግም እንደሚመዘገብ ተነግሮናል። ይህን ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ሰደቀቱል ጃሪያ ስናወራ ነው። ጉድጓድ ያስቆፈረ፣ ዛፍ የተከለ፣ ዕውቀት ያስተማረ ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው ይጻፍለታል። ሌላውን ጎን ግን እንረሳለን። ሰው ትቶት የሚሄደው ጉዳትም አለ። የቀበረው ሰው አርጅቶ፣ ልጆች ድሮ፣ ነገሩን ረስቶት ይሆናል። ፈንጂው ግን አልረሳም። ሱብሓነላህ! አንድ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ በሌላ ክፍለ ሀገር ሥራው እየቀጠለ ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ቀባሪው ተጠያቂ ከሆነ ለምን ሌላ ሰው ነፍሱን አደጋ ላይ ጥሎ ያነሳል? ይህ ፍትሕ ነው?

ሁለት ነገሮችን እንለይ፤ ጥፋትንና ኃላፊነትን። ጥፋት አይተላለፍም። አንዷ ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ከቁርኣን እናውቃለን። ያልቀበረ ሰው በቀባሪው ወንጀል አይጠየቅም። መንገዱ ግን የሁላችንም ነው። ከመንገድ ላይ እሾሃማ ቅርንጫፍ አንስቶ አላህ (ሱ.ወ) ምሕረት ያደረገለትን ሰው ሐዲስ ታስታውሳላችሁ። ያ ሰው ቅርንጫፉን ማን እንደጣለው መጠየቁ አልተነገረንም። ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ አልቆመም። ቀጥሎ የሚመጣው መንገደኛ ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ብሔር፣ ከየትኛው ሃይማኖት እንደሆነም አልጠየቀም። የጣለው ሰው ጉዳይ በአላህ ዘንድ ተቀምጦ ይቆየዋል። የሚያልፈው ሰው እግር ግን አይቆይም፤ ዛሬ ነው የሚያልፈው።

ፍትሕ ይቅደም ብለን ብንጠብቅ የሚጎዳው ማን ነው? ቀባሪው አይደለም፤ እሱ ቦታውን ያውቀዋል፣ አይረግጠውም። የሚጎዳው የማያውቀው ነው። ስለዚህ «የቀበረው ያውጣው» የሚለው ቃል ፍትሕ ቢመስልም ዕዳውን የሚያስከፍለው ከእረኛው ልጅ ነው።

በጨዋታችን መሐል «ፈንጂ ረጋጭ» የምንላት ቃል አለች። አለቃውን ሊጠይቅ ከፊት የሚላክ፣ ሌላው እንዲያልፍ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። እየሳቅን እንላታለን፣ ቃሏ ግን የመጣችው ከጦር ሜዳ ነው። ትርጉሟ ግልጽ ነው፤ በአንዱ እግር ለሌላው መንገድ መክፈት። መንገድን የመክፈቻ አንዱ ዘዴ ይህ ነው። ሰውን እንደ ዕቃ ቆጥሮ ማሳለፍ።

ሌላው ዘዴ የፈንጂ አምካኙ ነው። ሥራው ከመሣሪያ በፊት በጥያቄ ይጀምራል። ወደ መንደሩ ሄዶ ሽማግሌዎችን፣ እረኞችን፣ እንጨት ለቃሚ ሴቶችን ይጠይቃል። ከብት የሞተው የት ነው? ሰው የማይረግጠው ማሳ የትኛው ነው? ወታደሮቹ የሰፈሩት በየት በኩል ነበር? አደገኛው ቦታ በችካልና በቀይ ምልክት ይታጠራል። ከዚያ እያንዳንዱ አምካኝ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ጠባብ መስመር ይዞ፣ ከጓደኛው ርቆ፣ ፊቱን የሚሸፍን ጠንካራ መከለያና ፍንጣሪ የሚከላከል ልብስ አድርጎ ይገባል።

በመጀመሪያ ሣሩን እየለየ ሽቦ ተዘርግቶ እንደሆነ ይፈትሻል። ቀጥሎ ብረት የሚፈልገውን መሣሪያ በዝግታ ያሳልፋል። ድምፅ ከሰማ ይንበረከካል። ከላይ ሳይጫን፣ ከጎን በኩል በቀጭን መውጊያና በትንሽ መቆፈሪያ አፈሩን በሳንቲሜትር እየለካ ይከፍታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ምስማር፣ የጥይት ቀለህ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። ያም ሆኖ መቶኛውን ድምፅ ልክ እንደ መጀመሪያው አድርጎ መቆፈር አለበት። መቶኛው ላይ «ይሄም ምስማር ነው» ካለ፣ ያችው ልትሆን ትችላለች። ፈንጂ ከተገኘ ብዙ ጊዜ አይነቀልም፤ ሰው ከአካባቢው ርቆ እዚያው ባለበት እንዲፈነዳ ይደረጋል።

«ራስን ወደ ጥፋት መጣል አልተከለከለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው፣ ተከልክሏል። ለዚህም ነው የአምካኙ ጀግንነት በጥንቃቄ የሚለካው። ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ የሚመካ ሰው ማለት እሱ ነው። የሚቸኩል አምካኝ ከሥራው ይወጣል። እኛ ወጣቶች ድፍረት ስንል ዘሎ መግባት ይመስለናል። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ደፋር የሚባለው ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ሆኖ ጥቂት ካሬ ሜትር የሚጨርስ፣ ነገም ተመልሶ ከዚያችው ቦታ የሚጀምር ነው።

ደግሞ አስቡት፣ የዚህ ሰው ውጤት ምንድን ነው? አንድ ነገር አለመከሰቱ ነው። ከዓመታት በኋላ አንዲት ልጅ ውኃ ልትቀዳ በዚያ ታልፋለች፣ ምንም አይሆንም። አታመሰግነውም፣ ምክንያቱም ምን እንደተነሳላት አታውቅም። እሱም አያውቃትም። ለሰው እይታ ሲባል የሚሠራ ሥራ እዚህ ቦታ አያገኝም። ኢኽላስ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ያስብ፤ የምትጠቅመው ሰው እንደጠቀምከው እንኳ የማያውቅበት ሥራ።

እዚያ ሥራ ላይ «በአብዛኛው ጨርሻለሁ» የሚባል ነገርም የለም። ከመቶ ፈንጂ ዘጠና ዘጠኙ የተነሳለት ማሳ አሁንም የፈንጂ ማሳ ነው። ስለዚህ አንዱ ቡድን የጨረሰውን ሌላው እንደገና ይመረምራል። በተለያዩ አገሮች መሬቱ ለገበሬው ሲመለስ አምካኞቹ ራሳቸው በሕዝቡ ፊት በማሳው ላይ እየተራመዱ ያሳያሉ። አማና ማለት ይህ አይደለምን? ለሌላው «እለፍ» ያልከውን መንገድ መጀመሪያ በራስህ እግር መርገጥ።

ሥራው የሰው ብቻም አይደለም። ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ውስጥ አፖፖ የተባለ ድርጅት ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን የቲኤንቲ ሽታ እንዲለዩ ያሠለጥናል። አይጦቹ ቀላል ስለሆኑ ፈንጂው ላይ ቢቆሙም አይፈነዳም። ብረት ሳይሆን ቲኤንቲ ስለሚያሸቱ ምስማር አያታልላቸውም። ከመካከላቸው ማጋዋ የተባለው ካምቦዲያ ውስጥ ከመቶ በላይ ፈንጂዎችና ተተኳሾች አግኝቷል። በ2020 የእንግሊዙ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ፒዲኤስኤ የወርቅ ሜዳሊያ ሸልሞታል፣ በ2022 መጀመሪያ ላይ ሞተ። የቴኒስ ሜዳ የሚያክል ቦታ በግማሽ ሰዓት ይጨርስ ነበር። የብረት መፈለጊያ የያዘ ሰው ለዚያ እስከ አራት ቀን ሊፈጅበት ይችላል። በጓዳችን ስናይ ጫማ የምናነሳበት ፍጥረት የሰውን መንገድ ሲያጸዳ፣ ሰውን ራሱን ምን እንበለው?

ሥራው ማለቂያ የለውም ብላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። የተባበሩት መንግሥታት ለረጅም ጊዜ ሲጠቅሰው በኖረው ግምት አንድ ፈንጂ ለመሥራት ከ3 እስከ 30 ዶላር ሲበቃ፣ ያንኑ ለማንሳት ከ300 እስከ 1,000 ዶላር ይጠይቃል። ማበላሸት ከማስተካከል ሁልጊዜ ይረክሳል። ሆኖም ሞዛምቢክን እዩ። የእርስ በርስ ጦርነቷ በ1992 ሲያበቃ መንገዷ፣ ድልድይዋ፣ ማሳዋ በፈንጂ ተሞልቶ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ በጉልበት፣ በመቆፈሪያና በትዕግሥት ከተሠራ በኋላ በሴፕቴምበር 2015 ከሚታወቁ የፈንጂ ሜዳዎች ነፃ መሆኗን አወጀች። ቀባሪዎቹ ሁሉ ተይዘው ስለተቀጡ አይደለም። ያልቀበሩ ሰዎች ስላነሱ ነው።

ታዲያ የኛ ድርሻ ምንድን ነው? አብዛኞቻችን አምካኝ አንሆንም፤ ሥልጠና የሌለው ሰው ፈንጂ ለማንሳት መሞከሩ ራሱ ወንጀል ነው። ድርሻችን ግን አለ።

ጦርነት ባለፈበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ አትወርውሩ፣ እሳት አታስጠጉት። በረገጣችሁት መንገድ ተመለሱ፣ ርቃችሁ ምልክት አድርጉና ለሚመለከተው አካል ተናገሩ። ታናናሾቻችሁን አስተምሩ። ከተማ የምንኖር ደግሞ ወደ ገጠር ዘመዶቻችን ስንደውል ከሰላምታው ጋር ይህን እንጨምር። በፈንጂ እግሩን ያጣ ወንድም በሠፈራችን ካለ ምጽዋት ብቻ አንስጠው፤ ሥራ፣ ወዳጅነት፣ በሶፉ ላይ ቦታ እንስጠው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልበል፣ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። የቀበረው ሰው የግድ ሩቅ ያለ ጠላት አይደለም። አባታችን፣ አጎታችን፣ ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል። በግዳጅ ዘምቶ፣ ታዝዞ፣ በወጣትነቱ ቀብሮ የመጣ። ስለዚያ ዘመን ማውራት አይወድም፣ እኛም አንጠይቀውም። ነገር ግን ተውበት የሰው ሐቅ ካለበት ሐቁን መመለስን እንደሚጨምር ተምረናል። የተቀበረ ጉዳት ሐቁ የሚመለሰው እንዴት ነው? ቦታውን በመናገር። «እዚያ ኮረብታ ግርጌ፣ ከድልድዩ ማዶ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር መሣሪያና አይጥ ወራት የሚፈጅባቸውን ታሳጥራለች። ሽማግሌው እጁ ደክሞ መቆፈር ባይችልም ምላሱ መቆፈር ይችላል። እኛ ልጆቹ ደግሞ ሳንፈርድበት፣ ሳንከሰው፣ አጠገቡ ቁጭ ብለን «አባባ፣ የምታስታውሰው ቦታ አለ?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። ምናልባት ለብዙ ዓመት የጠበቀው ይህን ጥያቄ ይሆናል። የሚለውን ለሚያመክኑት እናድርስለት። ያኔ በፈለጉ ላይ ሲጻፍበት የኖረው ነገር እንዲቆም ምክንያት እንሆነዋለን። ለወላጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን በጎ ነገር አለ?

ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። ከመንገድ ላይ ጎጂን ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች የታችኛው ተብሏል። እኔ ይህን ለረጅም ጊዜ «ትንሹ» ብዬ ነበር የምሰማው። አሁን ሳስበው የታችኛው ቅርንጫፍ ለመሬት የቀረበው፣ ማንም ሰው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ነው። ለአንዳንዱ ጠርሙስ ማንሳት ይሆናል፣ ለአንዳንዱ ስልክ መደወል፣ ለአንዳንዱ ለ20 ዓመት የደበቀውን ቦታ መናገር፣ ለአንዳንዱ ደግሞ በሚያቃጥል ፀሐይ ተንበርክኮ አፈር መግፈፍ። ሁሉም ያንኑ ቅርንጫፍ ነው የያዙት።

ያ አላህ! በየማሳውና በየበረሃው ተንበርክከው የማያውቁትን ሰው መንገድ የሚያጸዱትን ጠብቃቸው። አካላቸውን ላጡት ጽናትን፣ ለሞቱት ልጆች ቤተሰቦች መጽናናትን ስጥልን። ለቀበሩት ደግሞ የመናገር ድፍረትን፣ የተውበትን በር ክፈትላቸው። እኛንም ከኋላችን ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ትተን ከምንሄደው አድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!